እማማ ኬራ «ይህ አይደለም» ያሉት እርጎ

እማማ ኬራ ማንኪያውን በከንፈራቸው ጫፍ ነክተው መለሱልኝ።

«ይህ አይደለም» አሉ።

«እርጎ ነው እኮ፣ እማማ።»

«እርጎ መሆኑን ማን ካደ? ነጭ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ ሳህን ላይ ተቀምጧል። ግን ይህ አይደለም።»

ሱቅ ውስጥ ያለውን ዓይነት ሁሉ አዳርሼ ነበር። ቀይ ክዳን ያለውን፣ ሰማያዊ ክዳን ያለውን፣ ላም የተሳለችበትን፣ አሮጊት የተሳለችበትን። አሮጊቷን ሲያዩ ብቻ ትንሽ ቆም አሉ።

«ይህቺ ደግሞ ማን ናት?»

«አላውቃትም፣ እማማ።»

«እንግዲያ የማታውቃትን ሴት እርጎ ነው የምታበላኝ?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እማማ ኬራ የሚስቴ የዳፊና እናት ናቸው። ዘጠና ዓመት ሊደፍኑ ምንም አልቀራቸውም። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ እኔ ሚስቴን ተከትዬ የገባሁበት ሰው ነኝ። በእኛ ተራራ እንዲህ ላለ አማች ሰው ክብር የለውም። ሲቀልዱብኝ «ሚስት ቤት ገብ» ይሉኛል፤ ሲቆጡኝም ያው ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ቃሉ እንደ አሮጌ ኮት ተመችቶኝ ነበር። ዳፊና ከጥምቀት ቀጥሎ በነበረው ሳምንት ከሞተች ወዲህ ግን ግራ ገባኝ። ሚስት የሌለችበት የሚስት ቤት ምን ይባላል? እንዲህ ያለውን ነገር የምጠይቀው እሷን ነበር።

እማማ ኬራ የተወለዱት ከመንደራችን በላይ፣ ከሰው ይልቅ በግ በሚበዛበት ገደል አፋፍ ላይ ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት ግን እዚሁ መንደር፣ በሕፃናት ወጥ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት እናቶች ባዶ ዕቃቸውን ይዘው በመስኮቱ ፊት ይሰለፋሉ፤ እሳቸው ለልጁ ዕድሜ የተሠራውን ይቀዱላቸዋል። ጥርስ ላላወጣው የተፈጨ፣ ለሚድኸው የተደፈጠጠ፣ ቆሞ ለሚሄደው የተከተፈ። አንዷ ልጄ ጎበዝ ነው ብላ የትልቁን ብትጠይቅ «ልጅሽ ጎበዝ ይሁን፤ ሆዱ ግን ገና ትናንት ነው የተወለደው» ብለው ይመልሷታል። መንደሩ ውስጥ በዕድሜ ከእኔ በታች ያለ ሰው ሁሉ ከእሳቸው ጭልፋ የበላ ነው። ከንቲባው በበዓል ቀን ቆሞ ሲናገር እንኳ ከታች ሆነው «አንተ እኮ ካሮት ትተፋ ነበር» ይሉታል።

ለትልልቅ ሰዎችም የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ጉልበት ላለው ሰው ቦሎቄና ሽንኩርት፣ ፀጉሩ ለሸበተ ሰው የጎመዘዘ ነገር፣ ላረጀ ሰው ደግሞ ትንሽ ትንሽ፣ ብዙ ጊዜ። የሚገርመው ሕጉ በየዓመቱ ይለዋወጥ ነበር። እሳቸው የደረሱበት ዕድሜ ሁልጊዜ የፈለጉትን የሚበሉበት ዕድሜ ሆኖ ይገኛል። ስልሳ ሲሞላቸው ጮማ ከዳቦ ጋር ለስልሳ ዓመት ሰው መድኃኒት ነበር፤ ሰባ ሲሞላቸው ወደ ሰባ ተዛወረ። ዳፊና ትስቅ ነበር። ስቃ ስታበቃ ግን ከጮማው አጠገብ አንድ ሳህን እርጎ ታኖራለች፤ እናትየዋም ሳያዩ የሚበሉ ይመስል ይበሉታል።

እሳቸው ምግብ ያቆሙበትን ቀን ማናችንም አላየነውም። ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው።

የዳፊና አርባ የዋለው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ በመጨረሻዋ ቅዳሜ ነው። በእኛ ወግ በዚያ ሳምንት ሥጋ ቀርቷል፤ የወተት ነገር ግን ገና ይበላል። ጎረቤት ተሰብስቦ ንፍሮ ቀቀለ፣ ዳቦ ጋገረ። እማማ ኬራ ከወንበራቸው ሳይነሱ «በእጇ የሠራችው ሁሉ ይውጣ። ነፍሷ ጓዳ ለጓዳ አትንከራተት» አሉ። ምድር ቤት ወረድኩ። ዳፊና በመከር ወራት፣ የበግ ወተት ወፍራም በሚሆንበት ጊዜ፣ እርጎውን በሸክላ ማሰሮ እየሞላች በራሱ ቅባት ትሸፍነዋለች፤ የበረዶውን ወራት ሁሉ ይቆያል። ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። የመጣው ሁሉ አንዳንድ እየያዘ፣ ነፍስ ይማር እያለ ሄደ። የመጨረሻዋን ማሰሮ ስይዝ እማማን አየኋቸው። በአገጫቸው ወደ በሩ አመለከቱኝ። አወጣሁት።

ስለ እርሾ ያሰበ ሰው አልነበረም። ከዛሬው እርጎ አንድ ማንኪያ ለነገው ወተት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ የማውቀው ግን ፀሐይ ነገ እንደምትወጣ የማውቀውን ያህል ነው። የእኔ እጅ የሚያስፈልገው ነገር መስሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ጾሙ ገባ። እማማ ኬራ ቄሱ «ለእርስዎ ዕድሜ ተፈቅዷል» ቢሏቸውም ጾም ገድፈው አያውቁም። ቦሎቄ አቀርባለሁ፤ ሳህኑ ይመለሳል። የተኮመጠጠ ጥቅል ጎመን አቀርባለሁ፤ ይመለሳል። ጾም ነው እያልኩ አለፍኩት። የሚጾም ሰው ትንሽ ቢበላ ማን ይደነግጣል? ጾሙ ሸፈነላቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያ ሰሞን ሳህን ውስጥ የሚያይ ዓይን አልነበረኝም።

ለፋሲካ ልጃችን ቢስትራ ሕፃኗን ቪዳን ይዛ ከከተማ መጣች። አያቷን ለመሳም አቅፋ ብድግ አደረገቻቸው፤ እንዳቀፈቻቸው ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ አያቴ እኮ ልብስ ብቻ ሆናለች!»

«ጾም ነበር» አልኩ።

«ዛሬ ፋሲካ ነው!»

ለበዓሉ ቀይ የተቀባው እንቁላል ሳይላጥ ጭናቸው ላይ ተቀምጦ ነበር።

ወደ መንደራችን ሐኪም የምትመጣው ረቡዕ ረቡዕ ነው። ዶክተር ኢልቼቫ ጎበዝ ሴት ናት፤ ችኩል ግን አይደለችም። የእማማን ሆድ በጣቶቿ መታ መታ አድርጋ አዳመጠች።

«እማማ ኬራ፣ ሽንት ቤት ከሄዱ ስንት ቀን ሆነ?»

«እኔ የዚህን መንደር ሕዝብ በሙሉ በማንኪያ አጉርሻለሁ፤ ገብቶ የት እንደሚወጣ ግን ጠይቄ አላውቅም» አሉ።

«እኔ ደሞዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ጥያቄ ነው።»

«ምስኪን» አሉ እማማ ከልባቸው።

ዶክተሯ ሳቀችና ወደ እኛ ዞረች። ጾሙን ሁሉ ቦሎቄና ጎመን ያለ በቂ ውሃ፣ ከወንበር ሳይነሱ፤ ያረጀ አንጀት ደግሞ እንደ አሮጌ አህያ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ውሃ ካላገኘ ይቆማል። ሆድ ሲቆም አፍም ይዘጋል። «በዚያ ላይ ሐዘን አለ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ውሃ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት፤ ተነክሮ ያደረ የደረቀ ፕሪም፤ ሾርባ፣ እንቁላል፣ እርጎ፤ ደግፋችሁ እስከ አጥሩ በር ማመላለስ። ጥራጥሬውን ለጊዜው በትንሹ፣ በኋላ ቀስ በቀስ መጨመር።

«የሚቀጥለው ረቡዕ ጊዮርጊስ ነው፤ ሐሙስ እመጣለሁ» አለች። «እስከዚያ መብላት ካልጀመሩ አምቡላንስ ይዤ ነው የምመጣው። ሆስፒታል መግባት አለባቸው።»

ልትወጣ ስትል በር ላይ ቆመች። «እርስዎስ አቶ ሚንቾ፣ ምን እየበሉ ነው?»

«የተረፈውን» አልኳት።

እውነት ነው። ሕፃኗ የተወችውን፣ አሮጊቷ የመለሱትን፣ ቢስትራ የረሳችውን እበላ ነበር። ዶክተሯ የምትጽፈው ነገር ያለ ይመስል ብዕሯን አወጣች፤ ከዚያ ምንም ሳትጽፍ መልሳ ከተተችው።

መኪናዋ ቁልቁለቱን ስትወርድ እማማ እጅጌዬን ያዙ። የጣታቸው ጥንካሬ ከዚያ ሁሉ ጾም በኋላ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«ሚንቾ፣ አትስጠኝ።»

«ይብሉ እንግዲህ፣ እማማ።»

«እበላለሁ። ያንን አምጣልኝ።»

«የትኛውን?»

«ያንን ነዋ! ዳፊና የምታደርገውን!»

በዚያ ሳምንት ወጥ ቤቱ ገበያ ሆነ። አራት ሰዎች፣ አራት ሆዶች። ለእማማ ውሃና ፕሪም። ለቪዳ ገና ሁለት ጥርስ ብቻ ስላላት ጨው የሌለው የተፈጨ። ቢስትራ ስለምታጠባ ከስልኳ ላይ እያነበበች አጃ፣ ዘር፣ ፍሬ፣ ቅጠል ትላለች፤ በማግስቱ ደግሞ ያው ስልክ አጃ ሆድ ይነፋል ይላል።

«ትናንት ብዪ ያለሽ ይኸው አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«ሌላ ሰው ነው የጻፈው፣ አባዬ።»

«ያኛው ሰው የት ሄደ?»

«አባዬ፣ ተወኝ እስቲ።»

ጎረቤታችን ዩርጋ ደግሞ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ የበግ ጠቦት መረቅ ነው እንጂ ቅጠል ምን ያደርጋል ትላለች። ሁሉም የሚሉት ልክ ይመስለኛል፤ ሁሉም አንድ ላይ ግን አንድ ድስት ውስጥ አይገቡም። ሳማ ለቅሜ ሾርባ ሠራሁ። ለእማማ አጣርቼ፣ ለቪዳ ጨው ነፍጌ፣ ለቢስትራ አጃ ጨምሬ። ክዳኖቹ ተምታቱብኝ። እማማ አንድ ማንኪያ ቀመሱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ዳኛ ቆዩ።

«ይህ የሰባት ወር ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«የሰባት ወር ልጅ ምግብ ነው። ጥሩ ተሠርቷል፤ አልጓጎለም። እኔ ግን ከሰባት ወር ትንሽ አልፌያለሁ።»

ከኋላዬ ቪዳ የቅድመ አያቷን ሾርባ በጨዉ ቀምሳ ፊቷን ስታጨማድድ ቢስትራ ጮኸች። ሮጬ ሳህኑን ነጠቅኳት። ሁለቱም ሾርባዎች ተረፉ። ሁለቱንም በላሁ፤ በማግስቱ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ።

እማማ ፕሪሙን ትንሽ ቀመሱ፤ ውሃውን ግማሽ ጠጡ፤ ሌላ ምንም። እሑድ ዕለት እስከ አጥሩ በር ወስጄ ስመልሳቸው ዩርጋ አየችን። እማማን ካስተኛሁ በኋላ መጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«እርጎ ነው የሚፈልጉት» አልኳት። «ከሱቅ ያልገዛሁት የለም።»

«የሱቅ? አንተ ሚስት ቤት ገብ፣ እርሾው የታለ?»

«በአርባዋ ወጣ። ሁሉም ወጣ። እማማ ራሳቸው ናቸው አውጡ ያሉት።»

ዩርጋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ጨርቁስ?»

«የምን ጨርቅ?»

«ዳፊና ጾም ሊገባ ሲል እርሾው እንዳይጠፋባት ንጹሕ ጨርቅ እርጎ ውስጥ ነክራ ጥላ ውስጥ ታደርቃለች። እንደ ቆዳ ድርቅ ይላል። ከዱቄት ሣጥኑ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ዘንድሮ እንኳ ገና በመከር አድርቃው ነበር፤ የእኔን ሳደርቅ አብረን ነበርን። ሂድ እየው!»

ቢስትራ ሕፃኗን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት።

«ዱቄት ሣጥን ውስጥ የነበረው ነጭ ጨርቅ?» አለች። «ድርቅ ያለው? የሚኮመጥጠው?»

«እሱ!» አለች ዩርጋ።

«አጠብኩት።»

ዩርጋ ከደጃፉ ተነሳች።

«ሸተተኝ። የእማዬን ልብስ ሳጥብ አብሬ አጠብኩት። በሳሙና። አሁን የቪዳ ማበሻ ነው።» ማበሻው ትከሻዋ ላይ ነበር። ልትስቅ ነበር ወይስ ልታለቅስ፣ እሷም አላወቀችም፤ ሁለቱንም ጀመረችና ሁለቱንም ተወችው።

ዩርጋ ማበሻውን ከትከሻዋ አንስታ አሸተተችው። «የሕፃን ነው የሚሸተው» አለች፤ መልሳ አኖረችው።

ሰኞና ማክሰኞ በመንደሩ ዞርኩ። በአርባዋ ማሰሮ የወሰዱትን ሁሉ ጠየቅኩ። አንዱ በፋሲካ በልቶታል። ሌላዋ ነፍስ ይማር ብላ በልታዋለች፣ ማሰሮውንም አጥባ መለሰችልኝ። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆ መመለስ ግራ ያጋባል፤ ሰው ለነፍሷ የበላውን መልስልኝ የምል እመስላለሁ። መጨረሻ ላይ ወደ ዩርጋ ተመለስኩ።

«አንቺስ የወሰድሽውን ምን አደረግሽው?»

ዩርጋ መሬት መሬት አየች። «የእኔ እርሾ ደክሞ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ከዳፊና ማሰሮ አንድ ማንኪያ ጨመርኩበት። ስለዚህ የእኔም አለበት፣ የእሷም አለበት። ማን ማንን እንደዋጠ አላውቅም።»

«ታዲያ እሁድ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፈርኩ። የሟች እርሾ ቤቴ ገባ ማለት ቀላል ነው እንዴ? ቤታችሁን ባዶ አድርጌ የእኔን ሞላሁ ልበል?»

«ስጪኝ» አልኳት።

«ዛሬ?» ብላ ጮኸች። «የጊዮርጊስ ዋዜማ? አብደሃል! ዛሬ ከቤቴ እርሾ፣ ጨው፣ እሳት አይወጣም። የበጎቼ ወተት ተከትሎት ይሄዳል። ከበዓሉ በኋላ ና።»

«ከበዓሉ በኋላ ሐሙስ ነው። ሐሙስ አምቡላንስ ይመጣል።»

ዩርጋ ወንበሯን አዞረችና ፊቷን ለግድግዳው ሰጠች።

«እኔ ምንም አልሰጥም» አለች ለግድግዳው። «ሌባ ቢመጣ ግን ምን አደርጋለሁ? አሮጊት ሴት ነኝ። መደርደሪያው ላይ በስተግራ ነው። አይ፣ እሱ አይደለም፣ እሱ ቅቤ ነው። ከጀርባው። ማንኪያው መሳቢያው ውስጥ ነው፤ የእንጨቱን ውሰድ፣ ብረት አይወድም።»

«አገኘሁት።»

«ከማን ጋር ነው የማወራው? ቤት ውስጥ ማንም የለም። እግዜር ይስጥልኝ ብሎ አፉን እንዳይከፍት እንጂ፤ ሌባ አያመሰግንም።»

አላመሰገንኩም። ኩባያዬን በመዳፌ ሸፍኜ ወጣሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ስርቆቴ ነው፤ ባለቤቷ ከኋላዬ «በሩን ዝጋው!» ብላ ጮኸችብኝ።

ወተቱን ጠዋት ከእረኛው ገዝቼ አምጥቼ ነበር። አፈላሁት። እማማ ከአልጋቸው ሆነው በክፍት በር በኩል ያዩኝ ነበር።

«ሦስት ማሰሮ አድርገው» አሉ።

«ለምን ሦስት?»

«አንዱ የዩርጋ። አንዱ ዶክተሯ ደስ እንዲላት የሱቅ። አንዱ የጨርቁ።»

«አያቴ፣ ጨርቁን እኮ በሳሙና አጥቤዋለሁ» አለች ቢስትራ።

«የሕፃናት ወጥ ቤት ውስጥ ብዙ ጨርቅ አጥቤያለሁ። አጠብኩት የምትይውን ያህል አልታጠበም። ቁራጭ ቅደጂና ጣዪበት።»

ቢስትራ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ቀደደችው።

«ጣትህን» አሉ እማማ። «ትንሿን ጣት ወተቱ ውስጥ። ክርን አይደለም፤ ክርን ለሕፃን ገላ ውሃ ነው።»

አስገባሁ፤ አቃጠለኝ።

«አቃጠለህ አይደል? ገና ነው።»

ቆይቼ ደግሜ አስገባሁ። ጣቴ ሳይሸሽ ሲቆይ «አሁን» አሉ። ከአልጋቸው ሆነው እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅኩም፤ ፊቴን አይተው ይሆናል። በሦስቱም ማሰሮ ወተቱን ሞልቼ እርሾውን ጨመርኩ። ለመለያ የዩርጋው ክዳን ላይ የእንጨት ማንኪያ፣ የሱቁ ላይ የሱቁን ክዳን፣ የጨርቁ ላይ ምንም አላደረግኩም። የሚጠቀለልበት ነገር ፈለግኩ። ብርድ ልብሶቹ ሁሉ ታጥበው ውጭ ነበሩ። የዳፊና የበረዶ ካፖርት ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ነበር። በአርባዋ ልብሷ ሲወጣ እሱን አላወጣሁትም፤ ማንም ያየው አልመሰለኝም ነበር።

«በሱ ጠቅልለው» አሉ እማማ። «ሁልጊዜም በሱ ነበር የምትጠቀልለው።»

ይህንን አላውቅም ነበር። ጠቀለልኩት።

ወደ ማታ ሰዓቱ ሲደርስ እኔ እንጨት ስፈልጥ፣ ቢስትራ ማሰሮዎቹን ወደ ምድር ቤት አወረደቻቸው። ስመለስ የእንጨት ማንኪያው ታጥቦ ተሰቅሏል፤ የሱቁ ክዳን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው።

«ምነው ቢስትራ!»

«ምን አጠፋሁ? ማንኪያው ቆሽሾ ነበር። አንተ ደግሞ ክዳን ላይ ቆሻሻ ክዳን ትደርባለህ!»

ምድር ቤት ወረድን። ሦስት አንድ ዓይነት ማሰሮ፣ ሦስት ነጭ ፊት። አሸተትን፤ ወዘወዝን። ቢስትራ ይሄኛው ነው የጨርቁ አለች። ጨርቁን ልናወጣ ማንኪያ ስንሰድ እዚያ የለም፤ ከሌላኛው ወጣ። ጨርቁ የነበረበትን ደፋነው፤ ረግቶም አልነበረም። የቀሩት ሁለቱ ከጨርቁ ውጭ ያሉት ናቸው እንዳንል፣ ቢስትራ ጨርቁን በሁለት ቀድዳ ሌላውን ቁራጭ የትኛው ማሰሮ ውስጥ እንደጣለችው እንደማታስታውስ ነገረችኝ።

በጊዮርጊስ ዕለት ጠዋት ሁለቱን ማሰሮ ይዤ እማማ አልጋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ውጭ በጎች እየታለቡ ነበር። ከመጀመሪያው አንድ ማንኪያ ሰጠኋቸው።

«ይህ አይደለም።»

ከሁለተኛው ሰጠኋቸው። አፋቸው ውስጥ አቆዩት። ዋጡት። አፋቸውን ከፈቱ። ሌላ ሰጠኋቸው። እማማ ሦስተኛውን ዋጡና ዓይናቸውን ገለጡ።

«እዚህ ቤት ዳቦ የለም እንዴ?»

ዳቦ ፈተፈትኩበት። ሳህኑን ከእጄ ወስደው ራሳቸው በሉ። ቪዳ ከእናቷ ጭን ላይ ሆና አፏን ከፍታ ስታያቸው፣ እማማ ዳቦ ያልነካውን ከዳር ጨልፈው አጎረሷት።

«ስንት ወር ላለ ልጅ ነው ይሄ፣ አያቴ?» አለች ቢስትራ።

«ጥርስ ለሌለን ነው» አሉ።

ሳህኑ ባዶ ሆነ። ማሰሮው ሥር ጥቂት ቀርታ ነበር። ማንኪያዬን ሳላስብ ሰደድኩ፤ የተረፈ ነገር ሁሉ የእኔ ነው ብዬ ለምጄ ነበር።

«ሚንቾ!»

ድንጋጤ ማንኪያውን ከእጄ ጣለው። እንዲህ ያለ ድምፅ ከአርባዋ ወዲህ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

«እርሾውን ልትበላው ነው? ነገ ምን ልንበላ ነው? ሚስት ቤት ገብ! ይሄን ሁሉ ዓመት ቤቴ ኖረህ የተረፈ አይበላም፣ እርሾ ነው ብሎ የነገረህ የለም?»

«የለም፣ እማማ።»

«አሁን ነገርኩህ። ያንን ማሰሮ አስቀምጥ። አንተ ሳህን አምጣና ከሌላኛው ቅዳ፤ እንደ ሰው ተቀምጠህ ብላ። እንደ ድመት ድስት እየላስክ ሆድህ ቢነፋ ምን ይገርማል?»

ሳህን አምጥቼ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ ዶክተር ኢልቼቫ መጣች። አምቡላንሱ ከታች መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው እንቁላል ይልጡ ነበር። ሆዳቸውን አዳምጣ «ተንቀሳቅሷል!» አለች። «ምን ሰጣችኋቸው?»

«ፕሪም» አለች ቢስትራ።

«እርጎ» አልኩ።

«የሰረቀው እርጎ ነው» አለች ዩርጋ ከበሩ። ቀጥላ እማማ ይህ አይደለም ካሉት ማሰሮ በማንኪያ ቀመሰች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ዳፊና እኮ ነች ይሄ! የእሷ እጅ ነው!»

«ያኛው ነው» አልኳት ሌላውን እያሳየሁ።

«አላውቅም፤ ይሄ ነው የእሷ።»

እማማ ኬራ ከእንቁላላቸው ቀና ሳይሉ «ያቺ ከልጅነቷ ጀምሮ አፏ አያውቅም። ካሮት ትወድ ነበር» አሉ።

ዶክተሯ እጇን በአየር ላይ አወናጨፈች። «የትኛውም ይሁን፤ ቀጥሉበት። ውሃውንም፣ ፕሪሙንም፣ እርጎውንም፣ መሄዱንም። ቦሎቄውን ደግሞ ቀስ ብላችሁ መልሱት» ብላ ባዶ አምቡላንሷን አስከትላ ወረደች።

ሁለቱንም ማሰሮ አስቀጥያለሁ፤ የቱ የማን እንደሆነ እስካሁን አልለየሁም። ቢስትራ ወደ ከተማ ስትመለስ ከሁለቱም ወስዳለች። ከሰዓት በኋላ ወተቱን አፈላለሁ፤ ካፖርቱን ከበሩ ጀርባ አወርዳለሁ፤ ትንሿን ጣቴን እነክራለሁ። በሩ ክፍት ነው።

«አቃጠለህ?» ይላሉ እማማ ኬራ ከውስጥ።

«ትንሽ።»

«ገና ነው፤ ጠብቅ።»